«ጥያቄውን እኛ እናዘጋጅልሻለን» ለተባለች ጋዜጠኛ

«ሰላም ጋሼ፣

ዕድሜዬ 27 ነው። ሐዋሳ በሚገኝ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሪፖርተር ነኝ፤ ዜናም አነባለሁ። ሰሞኑን አዲስ አበባ ያለ የግል ጣቢያ ሳምንታዊ የወቅታዊ ጉዳይ ፕሮግራም እንዳቀርብ ጠየቀኝ። የቀድሞዋ አቅራቢ ለቃለች። ሥራ አስኪያጁ ‹ስክሪን ላይ ታምሪያለሽ፤ ስለ ጥያቄ አትጨነቂ፣ ጥያቄውን እኛ እናዘጋጅልሻለን› አሉኝ። ደመወዙ አሁን ከማገኘው ይሻላል፤ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ሳስብ ግን ያን ያህልም አይደለም። በሌላ በኩል አንድ ባንክ ለኮሙኒኬሽን ባለሙያነት ተወዳድሬ አልፌያለሁ። እዚያ ደመወዙ ደህና ነው። እናቴ ‹በቴሌቪዥን መታየት እንጀራ አይሆንም፣ ባንኩን ያዢ› ትለኛለች። እኔ ከልጅነቴ የምመኘው ትልልቅ ሰዎችን ፊት ለፊት የሚጠይቅ ጋዜጠኛ መሆን ነው። ግን ፈራሁ። ባንኩ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋል። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ደመወዙ ላይ አልቆምኩም። እናትሽ ያሉት ላይም አልቆምኩም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ዓይኔ የቀረው ሥራ አስኪያጁ የተናገሩት ላይ ነው። «ጥያቄውን እኛ እናዘጋጅልሻለን።»

ሰውየው ክፉ አስበው ነው አልልም። ሊያበረታቱሽ ፈልገው ይሆናል። በብዙ ጣቢያዎቻችን አሠራሩም ይኸው ነው፤ አዘጋጁ ይጽፋል፣ አቅራቢዋ ታነባለች። ለዜና ንባብ ይህ ችግር የለውም። ዜና አንባቢ ሌላ ሰው የጻፈውን ብታነብ ማንም አይወቅሳትም። የወቅታዊ ጉዳይ ፕሮግራም ግን ሌላ ነው። እዚያ ሥራው ራሱ ጥያቄው ነው። እንግዳው ከወረቀትሽ ውጭ የሆነ ነገር ሲያመልጠው ተከትለሽው መሄድ ካልቻልሽ፣ አሁንም ዜና እያነበብሽ ነው። ልዩነቱ ፊት ለፊትሽ አንድ ባለሥልጣን መቀመጡ ብቻ ነው።

ስለዚህ ምክሬን ከወዲሁ ልንገርሽ። ጥያቄው ያንቺ ከሆነ ሂጂ። ካልሆነ አትሂጂ።

ለምን እንዲህ እንደምመክርሽ በአንድ የአገራችን ታሪክ ላስረዳሽ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ነው። ዐሥር ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ የወቅታዊ ጉዳይ ዘገባ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው አሳየን። ዘገባው ግን የራሳችን አልነበረም። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበው። ያኔ 29 ዓመቱ ነበር፤ ካንቺ ብዙም አይበልጥም። ፊልሙ የቀረበው ልክ አንቺ እንደተጠየቅሽው ባለ ሳምንታዊ የወቅታዊ ጉዳይ ፕሮግራም ላይ ነው። መንግሥት አፍኖት የነበረውን ረሃብ የውጭ ሰው ሳሎኑ ተቀምጦ አየው።

መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። እንዳለ ግን አላሳየውም። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ ተሰካበት። ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡም ታየ። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እስቲ ልብ በይው። የወሎ ምስል ያው ነው። የሚሞቱት ሰዎች ያው ናቸው። ጋዜጠኛው ሲያቀርበው ጥያቄ ነበር፤ ኤዲቲንግ ክፍል ገብቶ ሲወጣ ፍርድ ሆነ። ንጉሡ መጠየቅ የለባቸውም ማለቴ አይደለም፤ በሚገባ ነበረባቸው። ነገር ግን ያን ማታ የጠየቀ ጋዜጠኛ አልነበረም። ፊልሙን ቆርጦ የቀጠለው ሥልጣን ሊይዝ የተዘጋጀ ወገን ነበር። ዐሥር ዓመት ቆይቶ ያው ወገን የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ሰሜኑ እንደገና ይራብ ነበር። ዓለም ያንን ረሃብ ያየው ጥቅምት 1977 ነው፤ ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል ቢዩርክ ከኮረም ባወጡት ዘገባ። ጥያቄውን ለሌላ ሰው ስታስረክቢ የሚሆነው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ዛሬ በአንዱ ላይ ያስጠይቁሻል፤ ነገ የራሳቸው ተራ ሲደርስ ዝም ያሰኙሻል።

«ስክሪን ላይ ታምሪያለሽ» መባልሽንም አልወደድኩትም። ካሜራ የሚወደው ፊት መኖሩ እውነት ነው፤ ቴሌቪዥን እስከሆነ ድረስ ይህን መካድ አይቻልም። ግን መልክ የቅጥር መስፈርት ከሆነ የስንብትም መስፈርት ይሆናል። በተለይ በሴቶች ላይ። ወንዱ አቅራቢ ሲሸብት «በሰለ» ይባላል፤ ሴቷ ስትወልድ ወይም ስትወፍር ፕሮግራሙ «አዲስ ገጽታ» ያስፈልገዋል። ከዚህ የሚያድንሽ በስምሽ የተሠራ ሥራ ነው፤ ያመጣሻቸው እንግዶች፣ ያገኘሻቸው ሰነዶች፣ ያንቺ ናቸው ተብለው የሚታወቁ ጥያቄዎች።

ተመልካች ደግሞ የሚያየው የሥራውን ትንሹን ክፍል ነው። በኅዳር 2012 የእንግሊዙ ልዑል አንድሩ ለቢቢሲ የሰጠውን ቃለ ምልልስ ሳታይው አትቀሪም። በቀናት ውስጥ ልዑሉ ከሕዝባዊ ሥራው ራሱን አገለለ። ሁሉም የሚያስታውሰው ጠያቂዋን ኤሚሊ ሜይትሊስን ነው። ይገባታል፤ ረጋ ብላ፣ ድምጿን ሳታነሣ፣ ዝርዝሩን ጠንቅቃ ይዛ ነው የጠየቀችው። ሰውየውን እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠችው ግን ሳም ማክአሊስተር የምትባል ፕሮዲውሰር ናት። ለብዙ ጊዜ ከልዑሉ ቢሮ ጋር ስትነጋገር፣ ስትጠብቅ፣ እንደገና ስትደውል ነው የቆየችው። ይህ ሙያ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያለው እንደዚህ ያለ ሰው ነው። ስልኳ ውስጥ ሰው ያለ፣ ስትደውል የሚያነሱላት።

ፈርቻለሁ ያልሽውን በተመለከተ፣ አስቸጋሪ ሰው ፊት መቀመጥ ብዙዎች እንደሚያስቡት የድፍረት ጉዳይ አይደለም። የዝግጅት ጉዳይ ነው። ጄረሚ ፓክስማን የተባለው እንግሊዛዊ በ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የቀድሞውን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ፣ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ጠየቀ ይባላል። የእስር ቤቶችን ኃላፊ ውሳኔህን እሽራለሁ ብለህ አስፈራርተኸዋል ወይ ነው ጥያቄው። ወጣት ጋዜጠኞች ይህንን ቪዲዮ እያዩ ጀግንነት ይመስላቸዋል። ፓክስማን ራሱ በኋላ እንደተናገረው ግን ቀጣዩ ዘገባ አልደረሰም ነበር፤ ሰዓት መሙላት ነበረበት። የሚያስቀናው መደጋገሙ አይደለም። ጥያቄው አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሚመለስ መሆኑ ነው። ማምለጫ አልነበረውም።

አሁን የእኛን ቤት ጥያቄ እንይ። «የሥራ እንቅስቃሴያችሁ ምን ይመስላል?» ይህንን ጥያቄ በሕግ የሚከለክል አዋጅ ቢወጣ ቀድሜ የምፈርመው እኔ ነኝ። መልሱ ገና ሳይጠየቅ ይታወቃል። «ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት እየሠራን አመርቂ ውጤት እያስመዘገብን እንገኛለን።» ከዚያ «ያጋጠሙ ችግሮች ካሉ?» ይባላል። «አንዳንድ ውስንነቶች አሉ፤ እነሱንም ለመቅረፍ በትኩረት እየተሠራ ነው።» ግማሽ ሰዓት አለቀ። ተመልካቹ ጣቢያ ቀይሯል፤ ወይም እንቅልፍ ወስዶታል።

እዚያው ያለሽበትን ከተማ ምሳሌ ልውሰድ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ተመረቀ። ብዙዎቹ ሠራተኞች ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ልብስ ይሰፋ ነበር፤ አጎዋ በሚባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ከቀረጥ ነፃ አሜሪካ ይገባ ነበር። በኅዳር 2014 ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገርን የሚያመርተው ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ታኅሣሥ ላይ የአጎዋ ዕድል ከኢትዮጵያ ተነሣ። ይህ ሁሉ ዜና ነው፤ ጣቢያሽም ሳይዘግበው አልቀረም። ዜናው በሁለት ደቂቃ አለቀ።

የወቅታዊ ጉዳይ ሥራ የሚጀምረው ዜናው ካለቀበት ነው። ሥራ ያቆሙት ልጆች የት ገቡ? በአንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የነበሩባቸው ሰፈሮች ዛሬ ምን ይመስላሉ? ቤቱን ለእነሱ ብሎ በብድር የሠራው ሰውስ? ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ ሌላ ሼድ ገቡ፣ ወይስ ደላላ ወደ ዓረብ አገር ወሰዳቸው? ይህን ሳታውቂ ከእንግዳ ጋር አትቀመጪ። መጀመሪያ ልጆቹን ፈልጊ። አከራዮቹን ጠይቂ። ከቀበሌ፣ ከሠራተኛ ማኅበር፣ ከድሮ ተቆጣጣሪዎች ጋር ቡና ጠጪ። ካሜራ ሳትይዢ። ካሜራማኑ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

ከዚያ ኃላፊውን ስታቀርቢው እንቅስቃሴው ምን ይመስላል አትይውም። «በሰኔ 2013 ስንት ሠራተኛ ነበራችሁ? ዛሬስ ስንት ነው?» በይው። ቀጥለሽ «የወጡት የት እንደደረሱ የመዘገበ መሥሪያ ቤት አለ?» በይ። የለም ካለ፣ ለምን እንደሌለ። አለ ካለ፣ ሰነዱን እንዲያሳይሽ። «እየሠራንበት ነው» ሲል ቀን ጠይቂው። «የሚመለከታቸው አካላት» ሲል የመሥሪያ ቤቱን ስም ጠይቂው። «አብዛኛው» ሲል ቁጥር ጠይቂው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ፤ ሲጨርስ ቶሎ አትናገሪ። ዝም በይ። እኛ ኢትዮጵያውያን ዝምታ ያሳፍረናል፤ እንግዳው ዝምታውን ለመሙላት የሚናገረው ብዙ ጊዜ ከተዘጋጀበት መልስ ይሻላል።

ጨዋነት አይቅርብሽ። ታላቅን «እርስዎ» እያሉ አጥብቆ መጠየቅ ይቻላል። እንዲያውም ጨዋ ጥያቄ ይበልጥ ያስጨንቃል፤ የሚቆጣበት ሰበብ አያገኝም።

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎች ደውለው «ጥያቄዎቹን አስቀድማችሁ ላኩልን» ይሉሻል። ይህ በየቀኑ የሚያጋጥምሽ ነው። ርእሱን ላኪላቸው፤ ጥያቄውን አትላኪ። ቁጥር የምትጠይቂ ከሆነ ቁጥር ይዘው እንዲመጡ መንገር ግን ተገቢ ነው። «አላውቀውም፣ አጣርቼ እነግርሻለሁ» እንዳይሉሽ በሩን ይዘጋልሻል። መኪና እንልካለን፣ ሆቴል እንይዛለን፣ አበል አለ ካሉሽ ጣቢያሽ ይክፈል በይ። ጣቢያሽ አይከፍልም ካለም ለሥራ አስኪያጁ ቀድመሽ የምታነሺው ጥያቄ ይህ ነው።

እንግዲህ እሳቸው ጋ ስትቀርቢ የምትደራደሪው ደመወዝ ብቻ እንዳይሆን። ርእስ የሚመረጥበት የኤዲቶሪያል ስብሰባ ላይ ትቀመጫለሽ ወይ? ጥያቄውን አንቺ ጽፈሽ ከአዘጋጁ ጋር ትመካከሪያለሽ ወይስ ተጽፎ ይሰጥሻል? መመካከሩ ጥሩ ነው፤ ብቻውን የሚሠራ ጋዜጠኛ ይሳሳታል። ቀረጻው ካለቀ በኋላ የእንግዳው ቢሮ «ይቺ ትቆረጥልን» ብሎ ቢደውል የሚወስነው ማነው? ስፖንሰሩስ ማነው? የአልኮል ማስታወቂያ በ2011 ከብሮድካስት ከታገደ ወዲህ የግል ጣቢያዎች ኪስ እንደሳሳ ታውቂያለሽ። ብዙው ፕሮግራም ዛሬ የሚቆመው በባንክ፣ በሪል ስቴትና በኢንሹራንስ ገንዘብ ነው። በዚያ ላይ ቅሬታ ይዞ ወደ ጣቢያ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ቤት ገዝቶ ያልተረከበ ሰው ነው። ስፖንሰሩ ሪል ስቴት ከሆነ ያንን ቅሬታ ትሠሪዋለሽ? ይህን አፍ አውጥተሽ ጠይቂ። መልሱ ደስ ባይልሽም ማወቅ ይሻላል።

«ተመልካች ከባድ ነገር አይወድም፣ ቀለል አድርጊው» ይሉሽ ይሆናል። የ1997ቱን የምርጫ ክርክር ያያችሁ አንባቢዎቼ ትመሰክራላችሁ። ሰው ሥራውን ጥሎ ሻይ ቤት ተሰብስቦ ያየው የነበረው የሰዎች ክርክር ነው፤ ዘፈን አልነበረም፣ ድራማ አልነበረም። ከባድ ነገር ሳይሆን ባዶ ነገር ነው ሰው የሚሸሸው።

አደጋውን አልደብቅሽም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዲችል ሆኖ መመራት እንዳለበትም እዚያው ተጽፏል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 አለ፤ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 አለ። ሁለቱንም አትመሽ አንብቢያቸው፤ ጠበቃ ሳይሆን አንቺ ራስሽ። ግን ወረቀት ብቻውን አያስጥልም። የታሰሩ ባልደረቦቻችን አሉ፤ አገር ጥለው ወጥተው ዋሽንግተንና ናይሮቢ የቀሩም አሉ። ስለዚህ ውል ስትፈርሚ ጠበቃ የሚቀጥርልሽ ማን እንደሆነ ይጻፍ። ክስ ቢመጣ አቅራቢዋ ብቻዋን እንዳትቀር። የሰው ስም ከማንሣትሽ በፊት ሁለት ጊዜ አጣሪ፤ ለተነካው ሰው የመልስ ዕድል ስጪ። ቀረጻውንም ሙሉውን፣ ያልተቆረጠውን፣ ቅጂ ያዢ። ዛሬ አንድ ደቂቃ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ያላልሽውን ያስብልሻል፤ መከላከያሽ ሙሉው ነው።

አሁን ወደ እናትሽ። እናትሽ ትክክል ናቸው፤ በገንዘቡ ጉዳይ። የቴሌቪዥን ዝና ኪራይ አይከፍልም። ታክሲ ውስጥ ሰው አውቆሽ ፈገግ እያለ አንቺ ደግሞ ሳንቲም እየቆጠርሽ መሄድ ይመጣል። ታናሽ ወንድም እህት የምታስተምሪ፣ ቤት የምትደጉሚ ከሆነ ባንኩን መያዝ ነውር የለውም። ማንም ከሃዲ አይልሽም፤ ቢልሽም አትስሚው። አንድ ነገር ብቻ ዕወቂ። ትንሽ ቆይቼ ወደ ጋዜጠኝነት እመለሳለሁ ብለው ኮሙኒኬሽን የገቡ ብዙ ጎበዞች አውቃለሁ፤ የተመለሱት ጥቂት ናቸው። ደመወዙን ከለመዱት በኋላ መመለሱ ይከብዳል። ሥራውም ይለያያል። እዚያ «ጥያቄዎቹን አስቀድማችሁ ላኩልን» የምትይው አንቺ ትሆኛለሽ።

ሦስተኛም መንገድ አለሽ፤ በደብዳቤሽ አልጠቀስሽውም። ጣቢያው ጥያቄውን አንሰጥሽም ካለ፣ ባንኩንም ልብሽ ካልፈቀደው፣ ሐዋሳ ቆይተሽ ያንን የፓርኩን ሥራ ሥሪው። አለቃሽ የሳምንት ፕሮግራም ባይሰጥሽ ሃያ ደቂቃ ለምኝው። አንድ ጥሩ የወቅታዊ ጉዳይ ሥራ በእጅሽ ካለ የሚቀጥለው ጣቢያ ሲደውል የሚያወራሽ ስለ ሥራሽ ነው። ስለ መልክሽ ማውራት ያሳፍረዋል።

ባንኩ በወሩ መጨረሻ መልስ ከፈለገ ከጣቢያው ጋር በዚህ ሳምንት ተቀጣጠሪ። በስልክ አይሁን፤ አዲስ አበባ ውጪ። ስቱዲዮውን እዪ፣ ኤዲቲንግ ክፍሉን እዪ። ያለፉትን ፕሮግራሞች አስከፍተሽ ተመልከቺ፤ እንግዳው ሲሸሽ አቅራቢዋ ተከትላዋለች ወይስ ወደ ቀጣዩ ወረቀት ዞራለች? ከዚያ ከኤዲተሮቹ ጋር ሻይ ጠጪ። የቀድሞዋ አቅራቢ ለምን እንደለቀቀች ሥራ አስኪያጁ ላይነግሩሽ ይችላሉ። ኤዲተሮቹ ይነግሩሻል።